መሪው፣ መስቀሉና ዘይቱ

በአማርኛችን «መሪ» የሚለው ቃል በሁለት ቤት ያድራል። ሕዝብን የሚመራ ሰው መሪ ነው፤ ሾፌር በሁለት እጁ የሚጨብጠው ክብ ነገርም መሪ ነው። ቃሉን ከአደባባይ ወስደው ለመኪና ያዋሱት ሰዎች ቅኔ ሊቀኙ አስበው አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ ሰምና ወርቅ መፈለግ ለለመደ ጆሮ ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። መሪ ሲያረጅ በአንድ ቀን አይሰበርም። መጀመሪያ ጥቂት ይላላል። ሾፌሩ ወደ ቀኝ ሲያዞረው ጎማዎቹ ትእዛዙን ለመስማት ጥቂት ይዘገያሉ፤ ሾፌሩም መዘግየቱን ይለምደዋል፤ ሳይታወቀው ከሚገባው በላይ ማዞር ይጀምራል። ወር በወር ሲተካ ልልነቱ ይጨምራል፤ ልማዱም አብሮት ያድጋል። ሌላ ሰው መጥቶ መኪናውን ሲነዳ ነው «ኧረ ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ የሚደነግጠው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ መጻሕፍት የምወድ ሰው ነኝ። ነገር ግን ኑሮዬ በእንግሊዝ አገር፣ በኮቨንትሪ ከተማ በመሆኑ፣ ያረጁ መኪኖችን በየጓሮአቸው ፈትተው በሚገጥሙ ሰዎች መካከል ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ከእነርሱ ጋር ቆሜ ሳይና አልፎ አልፎም እጄን በግራሶ ሳቆሽሽ አንድ ነገር ሲያስደንቀኝ ቆይቷል። ይኸውም የአንዲት ትንሽ የስፖርት መኪና መሪና ዘንግ ሲፈታ ከውስጡ የሚወጣው ብረት ብቻ አለመሆኑ ነው። ገጣሚ ሐኪም፣ መጽሐፍ አሳታሚ፣ ቁማርተኛ የሒሳብ ሊቅ፣ ሥዕሉ እንኳ ያልተረፈለት ፈላስፋ አብረው ይወጣሉ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ እነዚህ ሰዎችና ስለ መኪናዪቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መኪናዪቱ ትራያምፍ ስፒትፋየር ትባላለች። ትራያምፍ ማለት ድል ማለት ነው፤ ስሙን የመረጠው ዚግፍሪድ ቤትማን የተባለ የኑረምበርግ ተወላጅ ጀርመናዊ ነበር። ወደ እንግሊዝ መጥቶ በ1880ዎቹ ብስክሌት መሸጥ ሲጀምር፣ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ያለ ትርጉም የሚገባ ቃል ፈለገና ይህንን አገኘ። ብስክሌቱ በ1902 ሞተር ብስክሌትን ወለደ፤ በ1923 ደግሞ መኪና ተከተለ። ቤትማን በ1913 የኮቨንትሪ ከንቲባ እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ጦርነት ሲነሣ ግን ጀርመን መወለዱ ጠላት አፈራበት። ከዚያም ሁለተኛው ጦርነት መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዪቱን ሲያጋዩ፣ ጀርመናዊው የመሠረተው የትራያምፍ ፋብሪካም አብሮ ነደደ። ከጦርነቱ ፍጻሜ ጋር ስታንዳርድ የተባለው የከተማዪቱ ሌላ መኪና ሠሪ የተረፈውን ስም ገዛ።

ስፒትፋየር የተወለደችው ከእኅቷ ከሄራልድ ነው። በ1950ዎቹ ለስታንዳርድ የመኪና አካል ይሠራለት የነበረው ድርጅት በተፎካካሪ እጅ በመግባቱ፣ መሐንዲሶቹ ሄራልድን በዱሮው ዘዴ ለመሥራት ተገደዱ። ከታች ራሱን የቻለ የብረት አጽም፣ ከላይ በብሎን የሚታሰር አካል። አካሏን የነደፈው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሚኬሎቲ ነበር። ሄራልድ በ1959 ወጣች፤ የዚያው አጽም አጭር የሆነው ዝርያ ለስፖርት መኪናዪቱ ተዘጋጀ። በፋብሪካው ውስጥ ለሥራው የተሰጠው የምሥጢር ስም «ቦምብ» ነበር። ከሃያ ዓመት በፊት በቦምብ በጋየች ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ቀልድ ይሁን መርሳት ለአንባቢ ፍርድ እተወዋለሁ። ገንዘብ አለቀ፣ ሥራውም ቆመ። ሌይላንድ የተባለው የጭነት መኪና ኩባንያ ፋብሪካውን ሲገዛ፣ ከአዲሶቹ አለቆች አንዱ አዳራሹን ሲዞር ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍና የቆመች ናሙና አይቶ «ትሠራ» አለ ይባላል። በጥቅምት 1962 በለንደኑ የመኪና ትርኢት ላይ በአውሮፕላኑ ስም ስፒትፋየር ተብላ ቀረበች። እስከ ነሐሴ 1980 ድረስ ከ300 ሺሕ በላይ ተሠርታለች።

ያ በችግር የተመረጠው የዱሮ አሠራር ዛሬ ለጥገና ሰው በረከት ሆኗል። የፊት መከለያዋ ከነክንፎቿ በአንድነት ወደ ፊት ይገለበጣል፤ ጠጋኙ በፊት ጎማዋ ላይ ተቀምጦ ሞተሩንም መሪውንም እንደ ገበታ ፊቱ ዘርግቶ ይሠራል። ከመኪና በታች በጀርባው ተኝቶ ዝገት በዓይኑ የገባበት ሰው ይህ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ያውቃል።

ሄራልድና ስፒትፋየር ከሌሎች የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፤ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ይዞራሉ። ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው መንገድ ለሙሉ ዙር ይበቃቸዋል፤ ይህ በለንደን ታክሲ ብቻ የሚታወቅ ነበር። ለዚህ የፊት ጎማዎቹ እጅግ መታጠፍ አለባቸው። ሲታጠፉም የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው ይልቅ አብልጦ መታጠፍ ይኖርበታል፤ በጠባቡ ክብ የሚሄደው እርሱ ነውና። ሁለቱ እኩል ከታጠፉ አንዱ እየተፋተገ ይሄዳል፤ ጎማም ይበላል።

ይህንን ነገር አስቀድሞ ካሰቡት አንዱ ሐኪም ነበር። ኢራስመስ ዳርዊን ይባላል፤ የዝነኛው የቻርልስ ዳርዊን አያት ነው። ከኮቨንትሪ ብዙም በማትርቀው በሊችፊልድ ተቀምጦ በሽተኞቹን ለመጠየቅ በፈረስ ሠረገላ ብዙ ሺሕ ማይል ይጓዝ ነበር። በዚያ ዘመን የሠረገላ የፊት ዘንግ መሐል ለመሐል በአንድ ፒን ላይ ተሰክቶ ከነሁለቱ ጎማዎች ይዞር ነበር፤ ብዙ ሲታጠፍም ሠረገላው የሚቆምበት መሠረት ጠብቦ ይገለበጣል። ዳርዊን በ1750ዎቹ መጨረሻ ገደማ ዘንጉ ሳይነቃነቅ ሁለቱ ጎማዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፒን ላይ የሚዞሩበትን ዘዴ ለራሱ ሠረገላ አሠራ። የባለቤትነት መብት ግን አላስመዘገበበትም። በዘመኑ ይበልጥ የታወቀው በቅኔው ነበር፤ ስለ ዕፀዋት በጻፈው ረጅም ግጥም ውስጥ በእንፋሎት የሚሄዱ ሠረገሎችን አስቀድሞ አይቷል። የስፖርት መኪና መሪ አያት ገጣሚ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

መሐንዲሶች ግን ሥርዓቱን የሚጠሩት በሌላ ሰው ስም ነው፤ በአከርማን። ሩዶልፍ አከርማን ሳክሶኒ ተወልዶ የኮርቻና የሠረገላ ሙያ ተምሮ ወደ ለንደን የመጣ ሰው ሲሆን፣ ስትራንድ በተባለው ጎዳና የሥዕልና የመጽሐፍ ሱቅ ከፍቶ ከዘመኑ ታላላቅ አሳታሚዎች አንዱ ሆነ። የለንደንን ገጽታ በቀለም ሥዕል ያቀረቡትን ጥራዞች ያሳተመ፣ በ1822 መጨረሻም በእንግሊዝ የመጀመሪያውን ዓመታዊ የሥነ ጽሑፍ ስጦታ መጽሐፍ «አትርሳኝ» በተባለችው አበባ ስም ያወጣ እርሱ ነው። የኔልሰንን የቀብር ሠረገላ የነደፈውም እርሱ ነው። የመሪው ሥርዓት ግን የእርሱ አልነበረም፤ የሙኒኩ የሠረገላ ሠሪ የጌዮርግ ላንከንስፐርገር ነበር። አከርማን በ1818 ለወዳጁ ወኪል ሆኖ በለንደን አስመዘገበው። ታዲያ ስሙ በወኪሉ ቀረ። ደራሲው ተረስቶ አሳታሚው ሲታወስ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ብዙ ምሳሌ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ መኪናዪቱ ልመለስ። የተላላ መሪ ሲመጣ ጠጋኙ ልልነቱ ያለበትን ቦታ ማደን አለበት፤ ከሾፌሩ እጅ እስከ ጎማው ድረስ ብዙ መገጣጠሚያ አለና። ከመሪው አምድ ግርጌ ያለው መገናኛ፣ ጥርስ ያለው ዘንግ ከአጽሙ ጋር የሚታሰርበት ላስቲክ፣ በዘንጉ ጫፎች ያሉት ቴስቲናዎች፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያበድራሉ። ፍተሻው ጥንታዊ ነው። መኪናዪቱ በክሪክ ትነሣለች፤ ጎማው ከግራና ከቀኝ ተይዞ ይነቀነቃል፤ ከዚያም ከላይና ከታች። በጎን ቢነቃነቅ ጥርጣሬው በቴስቲናውና በጥርሱ ዘንግ ላይ ነው። ከላይና ከታች ቢነቃነቅ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ኩሽኔታውን ወይም ትራኒየን የሚባለውን መጠርጠር ይገባል።

ስለ ትራኒየን ጥቂት ልቆይ፤ የነገሩ እምብርት ይህ ነውና። ጎማውን የሚሸከም አንድ ቁም የብረት ዘንግ አለ። የላይኛው ጫፉ በኳስ መገጣጠሚያ የተያዘ ነው። የታችኛው ጫፉ ግን እንደ ብሎን ጥርስ ወጥቶለት፣ ከነሐስ በተሠራ አንድ ቤት ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ያ የነሐስ ቤት ትራኒየን ይባላል። ሾፌሩ መሪውን ባዞረ ቁጥር ብሎኑ በነሐሱ ውስጥ ትንሽ ይጠመዘዛል፤ መልሶም ይፈታል። በአንዱ ጎን ያለው ብሎን በቀኝ የሚጠብቅ፣ በሌላው ጎን ያለው በግራ የሚጠብቅ ነው። የመኪናዪቱ የፊት ክብደት፣ የጉድጓዱ ንረት፣ የፍሬኑ ጉልበት ሁሉ በዚያ አውራ ጣት በሚያህል ጥርስ ላይ ያርፋል። መገጣጠሚያው ትሕትና የተሞላ ብልሃት ነው፤ ለብዙ ዓመትም ያገለግላል። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ዘይት። ግራሶ አይደለም፣ የካምቢዮ ወፍራም ዘይት። የፋብሪካው መመሪያ በየ6 ሺሕ ማይሉ፣ ማለትም በየ10 ሺሕ ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ ዘይቱ ከላይ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ እንዲገባ ያዝዛል።

ለምን ዘይት? ግራሶ ወፍራም ስለሆነ እስከ ብሎኑ ሥር አይደርስም፤ ከጊዜ በኋላም ይደርቅና መንገዱን ይዘጋል። ውኃ ግን ይደርሳል። ክረምት በመንገድ ላይ ከሚበተነው ጨው ጋር ተዋሕዶ በጥርሱ ሥር ተቀምጦ ብረቱን ይበላል። ጉዳዩ ከውጭ አይታይም፤ በልቶ የሚጨርሰው ነሐሱ ውስጥ ተሸፍኖ ነው። አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ መኪናው ቀስ ብሎ ሲታጠፍ፣ ዘንጉ ከጥርሱ ላይ ይቀነጠሳል፤ ጎማው ከሥር ይታጠፍና መኪናዪቱ በአፍንጫዋ ትወድቃለች። ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ከሆነ ይታለፋል። በአውራ ጎዳና ላይ ከሆነ ግን…

በሰፈሬ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የ1972 ስፒትፋየር አላቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዟት ለልጃቸው ልጅ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ስታገኝ ሊሰጧት አስበው። የፊት እግሯን ሲፈቱ አብሬአቸው ነበርሁ። ከመኪናዪቱ ጋር የመጣችው የአሠራር መመሪያ መጽሐፍ ኪስ የምታህል፣ ጠርዟ በዘይት የጠቆረች ናት። በመጨረሻዎቹ ገጾቿ ላይ የመጀመሪያው ባለቤት በእርሳስ ቀኖችንና ማይሎችን ጽፎባታል፤ «ትራኒየን፣ ዘይት»፤ እንደገና «ትራኒየን፣ ዘይት»። የመጨረሻው ጽሑፍ የ1979 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ባዶ ነው። እኔ ብዙ ዝነኛ ማስታወሻዎችን አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ ባዶ ገጽ ያስጨነቀኝ ጥቂት ነው።

የቀኙ ዘንግ ከነሐሱ ሲወጣ ጥቁርና ደረቅ ግራሶ ተከትሎት መጣ። አዛውንቱ በነዳጅ አጥበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው፣ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ብርሃን ያዙት። በጥርሶቹ ሥር መርፌ የወጋቸው የሚመስሉ ነጠብጣቦች ተሰልፈው ነበር። ጥርሱ ራሱ ደኅና ነው፤ ነሐሱም ብዙ አላለቀም። ለሃምሳ ዓመት የቆመ ነገር ስለሆነ ሌላ አሥር ዓመት የማይቆምበት ምክንያት የለም አሉ። እኔ አልመለስሁም። የዚያ ዘመን የፋብሪካ ብረት ነው፣ አዲሱ ከየት እንደሚመጣ ማን ያውቃል፣ አሉ ደግመው። ይህ ሐሳብ ከንቱ አይደለም፤ በዛሬው ገበያ የሚሸጡ አዳዲስ መለዋወጫዎች ጥራታቸው ወጣ ገባ መሆኑን ሠሪዎቹ ሁሉ ይናገራሉ። የድሮ ዕቃ መውደድና የድሮ ዕቃ ማመን አንድ አይደሉም ብዬ አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ ግን አልመጣም፤ እንግዳ ነኝና፣ እርሳቸውም ታላቅ ሰው ናቸውና።

ዘንጉ ሦስት ቀን በሞርሳው አጠገብ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ስሄድ ለሁለት ተቆርጦ አገኘሁት። አዛውንቱ በመጋዝ ቆርጠውታል፤ ሳይቆረጥ ቆሻሻ ውስጥ ቢጣል አንድ ቆጣቢ ሰው አንሥቶ ይገጥመዋል ብለው ነው። «ሦስት ቀን ያሰብሁት ስለ ብረቱ ነበር፤ ዛሬ ጧት ግን ልጅቷ ስትነዳ ታየኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ዘንግ አልተነጋገርንም። አዲሱ ሲገጠም እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ከገባ በኋላ፣ ከአንድ ዙር ሳይበልጥ ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህም ብልሃት አለው፤ እስከ ታች የገባ ብሎን መሪው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ መሄጃ ያጣል፤ መሄጃ ያጣ ብሎን ደግሞ ዘንጉን ይሰብራል።

ከመሪው ወደ ኋላ ስንሄድ መስቀሉን እናገኛለን። ጣሊያኖች ለጋራዦቻችን ትተውት የሄዱት ቋንቋ ለብቻው ጥናት የሚገባው ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ሞርሳ። ከእነዚህ መካከል ክሮቸራ የሚለው አለ። ምንጩ በጣሊያንኛ መስቀል ማለት ነው፤ ዕቃውም በእርግጥ መስቀል ነው። ሁለት ዘንጎች ጫፍና ጫፋቸው እንደ ሹካ ይከፈላል፤ በሁለቱ ሹካዎች መካከል አንዲት ትንሽ የብረት መስቀል ትቀመጣለች፤ ሁለት ክንዶቿ በአንዱ ሹካ፣ ሁለቱ በሌላው ይያዛሉ። እንዲህ ሲሆን ዘንጎቹ ታጥፈውም ይዞራሉ። የሞተሩ ጉልበት ወደሚነጥሩት የኋላ ጎማዎች የሚሻገረው በዚች መስቀል ነው።

አውሮፓውያን ዘንጉን በካርዳኖ ስም ይጠሩታል። ጂሮላሞ ካርዳኖ ከ1501 እስከ 1576 የኖረ የሚላን ሐኪም፣ የሒሳብ ሊቅ፣ ኮከብ ቆጣሪና ቁማርተኛ ነበር። ስለ ቁማር ዕድል በሒሳብ የጻፈ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ወገን ነው፤ ልጁ ሚስቱን በመርዝ ገደለ ተብሎ በ1560 አንገቱ ተቀላ፤ አባትዬውም በ1570 በሃይማኖት ፍርድ ቤት ታሰረ። በስተርጅና የጻፈው የሕይወት ታሪኩ በግልጽነቱ እስከ ዛሬ ይነበባል። በ1550 ባወጣው መጽሐፉ እርስ በርስ በተሰካኩ ቀለበቶች የተንጠለጠለ መቀመጫ ሠረገላው ቢወላገድም እንደማይዘነበል ጽፏል። የፈጠረው ግን እርሱ አይደለም። ከእርሱ ከ1700 ዓመታት በላይ በፊት የባይዛንቲየሙ ፊሎ በየትኛውም ጎኑ ቢገለበጥ የማይፈስ የቀለም ዕቃ ገልጿል፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ቪላር ደ ኦንኩር ጳጳስ እጁን የሚያሞቅበትን፣ ፍሙ የማይደፋ ዕቃ ሥሏል። እንግዲህ የዚህ ነገር የመጀመሪያ አገልግሎት የጸሐፊን ቀለም ከመፍሰስ ማዳን ነበር። የስፖርት መኪና ዘንግ ከቀለም ቀንድ ዘር መሆኑን ለእኛ ለጽሕፈት ሰዎች ማን ነግሮን ያውቃል?

ቀለበቱን ወደሚዞር ዘንግ ያመጣው፣ ቢያንስ በጽሑፍ አጥርቶ ያስረዳው፣ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። ከኒውተን ጋር ተጣልቶ የኖረ፣ ከ1666ቱ ቃጠሎ በኋላ ለንደንን ከለኩት አንዱ የሆነ፣ እርግጠኛ ሥዕሉ እንኳ ያልተረፈለት ሰው። በ1676 ፀሐይን ዓይን ሳይጎዳ ስለ መመልከቻ መሣሪያ ባሳተመው ጽሑፍ መገጣጠሚያውን ገለጸ። ጠባዩንም አስተዋለ፤ አንዱ ዘንግ እኩል ሲዞር ሌላው እኩል አይዞርም። ዘንጎቹ በ20 ዲግሪ ቢታጠፉ፣ ተነጂው ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በ6 ከመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ያንኑ ያህል ይዘገያል። ሌላ ሰው ይህን ጉድለት ባለው ነበር። ሁክ ግን የፀሐይ ሰዓትን ጥላ አየበት። በጠፍጣፋ የፀሐይ ሰዓት ላይ ጥላው በየሰዓቱ እኩል አይራመድም፤ የመገጣጠሚያው አረማመድ ደግሞ ከጥላው አረማመድ ጋር አንድ ዓይነት ሒሳብ አለው። በለንደን ኬክሮስ ዘንጎቹን በ38 ዲግሪ ተኩል ያህል ቢያጥፏቸውና አንዱን በሰዓት ሞተር እኩል ቢያዞሩት፣ ሌላው ልክ እንደ ጥላው ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ለአዲስ አበባ መሥራት አማረኝ። የእኛ ከተማ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ዘንጎቹ 81 ዲግሪ መታጠፍ ይኖርባቸዋል፤ ይህንን የሚችል መስቀል የለም። በለንደን ከእኩለ ቀን በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጥላው 38 ዲግሪ ሲሄድ፣ በአዲስ አበባ በዚያው ጊዜ 9 ዲግሪ ብቻ ይሄዳል። አባቶቻችን ጥላን በጫማ እየሰፈሩ ሰዓት ያወቁት፣ ማዕዘኑን ትተው ርዝመቱን የለኩት፣ በአገራቸው ሰማይ ዘንድ ትክክል ነበሩ።

መስቀሉ መኪና ላይ የወጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እንደ ብስክሌት በሰንሰለት ይነዱ ነበር። ክላረንስ ስፓይሰር የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1903 የመኪና መገጣጠሚያውን አስመዘገበ፤ በማግሥቱም ዓመት ማምረት ጀመረ። ሰንሰለቱም ቀስ በቀስ ቀረ።

በስፒትፋየር ከካምቢዮው እስከ ዲፈረንሻሉ ባለው ረጅም ዘንግ ጫፎች ላይ ሁለት መስቀሎች አሉ፤ ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ በሚወጡት አጫጭር ዘንጎች ላይ ደግሞ አንድ አንድ። ሲያልቁ ይናገራሉ። ፍሪሲዮን ሲለቀቅ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ ብለው ሲነዱ እንደ ወፍ ጫጩት ሲጥ ሲጥ ይላል። ተንበርክኮ ለሚያይ ሰው ከመስቀሉ ክንዶች ጫፍ የሚረግፍ ቀይ የዝገት ዱቄት ምስክር ነው። እያንዳንዱ ክንድ ትንሽ ቆብ ለብሷል፤ በቆቡ ውስጥ መርፌ የሚያካክሉ ብረቶች ዙሪያውን ቆመዋል። አሮጌውን ለማውጣት የመያዣ ቀለበቶቹ ይነቀላሉ፤ ቆቦቹ በሞርሳ ተገፍተው ይወጣሉ። አዲሱን ማስገባት ትዕግሥት ነው። ከመርፌዎቹ አንዷ ወድቃ በቆቡ ወለል ላይ ብትጋደም ቆቡ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ቀለበቱም ቦታውን እምቢ ይላል። ያን ጊዜ በመዶሻ ማስገደድ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ዐዋቂው አውጥቶ መርፌዎቹን ይቆጥራል። ረጅሙ ዘንግ ከመፈታቱ በፊትም በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ሁለቱ ሹካዎች በአንድ ትይዩ ካልተመለሱ የአንዱን መስቀል መፍጠንና መዘግየት ሌላው ሊያጠፋው አይችልም፤ መኪናዪቱም ትንቀጠቀጣለች። የሁክ ጥላ በሾፌሩ ወንበር ሥር ይሰማል ማለት ነው።

ዘንጉን ከኋላ ጎማ ማዕከል ማላቀቅ ሌላ መከራ ነው። ሁለቱ በሾጣጣ ቅርጽ ተዋደው ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ተቃቅፈዋል። ለዚሁ የተሠራ ከባድ መንቀያ አለ፤ ብሎኑ እስከሚቻል ይጠብቅና ሰው ይጠብቃል፤ አንዳንዴ ሌሊቱን እንዲያድር ይተዋል። ሲለቅ ጥይት የተተኮሰ ይመስላል።

ነገር ግን እነዚያ አጫጭር ዘንጎች መስቀል ያላቸው በዲፈረንሻሉ በኩል ብቻ መሆኑን አስተውሉ። በጎማው በኩል መገጣጠሚያ ስለሌለ ጎማው ከዘንጉ ጋር እንደ በር ከማጠፊያው ይወዛወዛል። በጠባብ መታጠፊያ ላይ በፍጥነት የገባ ሾፌር ደንግጦ ነዳጅ ቢለቅ፣ የመኪናዪቱ ጀርባ ወደ ላይ ይነሣል፣ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ መያዣቸውም ይጠፋል። ይህ አሠራር በዘመኑ በብዙ መኪኖች ላይ ነበር። ራልፍ ኔደር በ1965 ያሳተመው፣ የአሜሪካን የመኪና ሕግ የለወጠው መጽሐፍ በመጀመሪያ ምዕራፉ የከሰሰው የዚሁ ዓይነት አክስል የነበራትን ኮርቬርን ነው። አንድ መጽሐፍ ሕይወት አተረፈ ከተባለ ይህን ከዝርዝሩ አላወጣም።

ትራያምፍ ሁለት መልስ ሰጠ። በ1966 የወጣችው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሯ የስፒትፋየር እኅት ጂቲ 6 ጉልበቷ ብዙ፣ ነቀፋዋም ብዙ ስለነበር፣ በ1968 ሮቶፍሌክስ የተባለ መገጣጠሚያ ተሰጣት። ይህ ማዕዘኖቹ ስድስት የሆኑ ወፍራም የላስቲክ ቀለበት ነው፤ መስቀል የለውም፣ ላስቲኩ ራሱ ይታጠፋል። ከፋብሪካ የሚመጣው በብረት ቀበቶ ተጨምቆ ነው፤ ብሎኖቹ ሁሉ ከገቡና ከጠበቁ በኋላ ብቻ ቀበቶው ይቆረጣል። ሁለተኛው መልስ ርካሽ ነበር። በ1970 በስፒትፋየር ላይ ከኋላ ያለው ባሌስትራ ከፊሉ መሐሉ ላይ እንዲወዛወዝ ተደረገ፤ ጎማዎቹም ወደ ውስጥ መታጠፍን በብዙ ተዉ። ጂቲ 6 ራሷ በ1973 ላስቲኩን ጥላ ወደዚህ ርካሽ መልስ ተመለሰች፤ በዚያው ዓመትም መሠራቷ ቆመ።

ሮቶፍሌክስ ያላቸው ባለቤቶች ዛሬ በሁለት ወገን ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ላስቲኩን በላስቲክ ይተካል፤ የዛሬው ላስቲክ እንደ ጥንቱ አይበረክትም እያለ እያማረረ። ሌላው ወገን ላስቲኩን አውጥቶ በኳሶች የሚሠራውን፣ ታጥፎም እኩል የሚዞረውን መገጣጠሚያ ያስገባል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። የመኪናን ታሪክ ማክበር እውነት ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ የሚሰነጠቅ ላስቲክን ማክበር ግን ሌላ ነገር ነው። የኳሱን መገጣጠሚያ አልፍሬድ ዜፓ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ በ1920ዎቹ መጨረሻ አወጣው። ስድስት ኳሶቹ ሁልጊዜ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን ማዕዘን እኩል በሚከፍለው ሜዳ ላይ ስለሚቀመጡ የሁክ መፍጠንና መዘግየት በእርሱ የለም። በ1959 ሚኒ የተባለችው ትንሽ መኪና በፊት ጎማዎቿ ላይ አድርጋው ወጣች፤ ሄራልድም በዚያው ዓመት ነበር የወጣችው። አንዷ ያለፈውን ዘመን አጽም ይዛ፣ ሌላዪቱ የሚመጣውን።

የካንሊ ፋብሪካ የመኪና መገጣጠሚያ መስመር በ1980 ቆመ። ሕንፃዎቹ ፈርሰው በቦታው የንግድ ቢሮዎችና ሱቆች ተሠርተዋል፤ ከመንገዶቹ አንዱም ሄራልድ አቬኑ ይባላል። አልፎ አልፎ በዚያ እሄዳለሁ። በዚያ መንገድ የሚያልፉት መኪኖች፣ ጥቂቶቹ ሲቀሩ፣ በጎማዎቻቸው ማዕከል ኳሶቹን የያዙ ናቸው።